አስረኛው ቀን

ሊሞር፣ ፖስታው መጥቶ ስትቀጂው አየሁ፤
ሳቅሽን እየሰማሁ ጓዳ ውስጥ ቆየሁ።
ስምሽ ተቀርጾበት በብርማ ቀለም፣
«እማዬ፣ ከእንግዲህ ብር የሚሉት የለም!»
አልሽኝ።
እውነትሽን ነው ልጄ፣ ያልሽው ስህተት የለም፤
አስረኛው ቀን ሲደርስ፣
ባንኩ በሩን ሲያንኳኳ፣
ያን ጊዜ በጭራሽ ብር የሚሉት የለም።

ነይ እስቲ ቁጭ በይ፣ ጫማሽንም አውልቂ፤
የምነግርሽ ጥቂት ነው፣ ብትፈልጊ ሳቂ።

ሐሙስ ማታ ወደ ገበያ ስትሮጪ፣
ለአንድ እስር ድንብላል ካርድ አታውጪ።
ቲማቲም በሳንቲም፣ ሽንኩርት በዝርዝር፣
ዳቦውንም በእጅሽ፣ በሚቆጠር ብር።
እጅ ሲቆጥር ያውቃል፣ ይከብደዋል ሲሰጥ፤
ካርድ ግን እንደ ዓሣ ሙልጭ ብሎ የሚያመልጥ።
አባትሽ፣ ነፍሱን ይማር፣ እንዲህ ይለኝ ነበር፦
«ሆድ የረሳውን ምሳ፣ ኪስ ለምን ያስታውስ?
ዳቦ የዛሬ ነው፣ ዋጋውም ዛሬ ይድረስ።»

ግን ማቀዝቀዣው ሲሞት፣ በሐምሌው ወበቅ፣
ወተቱ ጎምዝዞ፣ በረዶው ሲያልቅ፣
ያን ጊዜ አውጪው ካርዱን።
«በስንት ልከፋፍለው?» ስትልሽ ገንዘብ ተቀባይ፣
ወለድ የለውም ወይ ብለሽ መጀመሪያ ጠይቂ፤
የለውም ካለችሽ፣ «በአስር!» በያት ኮርተሽ።
ማቀዝቀዣ ቆሞ ዓመታት ያገለግላል፤
አስር ወር ቢከፈል ለማን ይከብደዋል?
ዕዳውን የሚቀብር ዕቃ ከሆነ ግዢ፤
ዕቃውን የሚቀብር ዕዳ ግን አትያዢ።
በስልክሽ ያዘዝሽው ጫማ ሳይመጣ ቢቀር፣
ካርድ ይሟገትልሻል፤ ዲዳ ነው ጥሬ ብር።

ጀምበሩን ታውቂዋለሽ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን፣
ለሎቶም ለሲጋራም ካርድ የሚያሳየውን።
ወሩን ሙሉ ጌታ ነው፣ «ነፃ ነው» እያለ፤
አስረኛው ቀን ሲነጋ ሂሳቡ ጎደለ።
ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሲስቅ አገኘሁት፤
ሳቅስ አልነበረም፣ እኔ እንደሰማሁት።
«እትዬ፣ የዚህን ስም ዛሬ ገና አወቅሁት፤
ለካ ካርድ ያሉት፣ ካረደ ወዲያ ነው።»
ደሙ አይታይም ልጄ፣ ስለቱ ልሙጥ ነው።

የከተማችን ስም ከጉድጓድ ነው የመጣ፤
ይስሐቅ ውኃ ቆፍሮ የሚጣላው ቢያጣ፣
«ርኆቦት» አለው፣ ሰፊ ቦታ ማለት።
ባንክም ጉድጓድ አለው፣ ሚኑስ ነው የሚሉት፤
ይሰፋል፣ ይሰፋል፣ ውኃ ግን የለበት።

አሁን ደግሞ ያልነገርኩሽን።
ለአባትሽ ሐዘን ሰባቱን ቀን ስንቀመጥ፣
አንቺ ትንሽ ነበርሽ፣
ከአፉላ፣ ከአሽዶድ ሰው ሲወጣ ሲገባ፣
ጥሬ ገንዘብ የሚባል ቤት ውስጥ አልነበረም።
ዳቦውን በካርድ፣ ውኃውን በካርድ፣
ቲማቲሙንም፣ አዎ፣ ቲማቲሙንም፤
ዛሬ የምከለክልሽን ሁሉ፣ በካርድ።
ከዚያ ሳምንት የማስታውሰው የለኝም፤
ማን እንደመጣ፣ ምን እንደበላን፣ ጭጋግ ነው።

አስረኛው ቀን ደርሶ ዝርዝሩ ሲመጣ፣
መነጽሬን አድርጌ መስመር በመስመር አነበብኩ።
እሑድ፣ ዳቦ ቤት።
ሰኞ፣ ዳቦ ቤት፣ ሁለት ጊዜ።
ከእነዚህ ሁሉ በላይ፣ ከመሄዱ በፊት፣
አርብ ጠዋት፣ ፋርማሲ፣ አስራ ዘጠኝ ሸቅል።
ምላጩ ነው።
ለሰንበት እንዲላጭ የገዛሁለት፣
ያልተከፈተው።

ሆድ የረሳውን፣ ልብም የረሳውን፣
ኪስ አስታወሰልኝ።

እና በካርድ መቼ? ሕጉን ነግሬሻለሁ፤
ሕጉን ራሴ ሽሬ ደግሞ አይቼዋለሁ።
ያችን ወረቀት ከፍዬ ጨርሻለሁ።
አልጣልኳትም ግን።
ተነሺ አሁን፣ ገበያው ሳይዘጋ ድንብላል አምጪልኝ፤
ሳንቲሙ ማቀዝቀዣው ላይ ነው።